ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ በብስክሌት ለሚሄድ መንገደኛ

በትምህርት ቤት መዘጊያ ወይም በመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጊዜ በብስክሌት አገር ለማየት የሚነሣ ወጣት፥ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በጓዙ ላይ ነው። ድንኳንም ቡታጋዝም ይጭንና ደጀን ሳይደርስ ይጸጸታል። ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለው ዳገት ከፍታው ከ1 ሺህ 300 ሜትር አያንስምና፥ ቤት ውስጥ ቀላል የመሰለው ዕቃ ሁሉ እዚያ ላይ ክብደቱ ይታወቃል።

ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልበርን የኦሊምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ብስክሌተኞችም አሰልፋ ነበር። ነገር ግን እሽቅድምድም ሌላ፥ ጕዞ ሌላ ነው፤ ተሽቀዳዳሚ ጓዝ የለበትም።

ስለ ጓዝ ማወቅ ለሚፈልግ ትምህርቱ እዚያው ጎጃም ውስጥ ይገኛል። ቅኔ ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር ሲዘዋወር የኖረው የቆሎ ተማሪ ያለው ንብረት ለምድ፥ አኩፋዳና በትር ነበረ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ስሟን ያስጠሯት ዲማ ጊዮርጊስም ከቢቸና ሩቅ አይደለችም። በእኛ አስተያየት የለምዱን ቦታ ጋቢ ይተካዋል። ቢቸናም ሞጣም በ2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፥ መንገዱ በሚደርቅበት በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ይበርዳል። ጋቢው ሌሊት ብርድ ልብስ፥ ቀን ደግሞ ለዕቃው መሸፈኛ ይሆናል። በክረምት ግን ከዋናው መንገድ መውጣት አይበጅም። የአገሩ ጥቁር መሬት ለጤፍ የተመቸውን ያህል ለብስክሌት ጠላት ነው፤ ጭቃው በጎማውና በፍሬኑ መካከል ገብቶ መንኮራኩሩን ሲያስቆመው፥ ፈረሱን ፈረሰኛው ይሸከመዋል።

የአኩፋዳውን ነገር በሶ ይጨርሰዋል። እናቶቻችን ገብሱን ቆልተው ፈጭተው ያዘጋጁልን ይህ ስንቅ እሳት አይፈልግም፥ አይበላሽም፤ ውሃና ጨው ይበቃዋል። በቅቤ ያልታሸ ቢሆን ደግሞ ለረቡዕና ለዓርብ፥ ከኅዳር 15 በኋላም ለነቢያት ጾም ይሆናል። ቡታጋዝ የሚጭኑ ወጣቶች ይህን ቢያስቡት መልካም ነበር።

በትሩ ለውሻ ነው። ውሻ የሚያባርረው የሚሮጠውን ስለ ሆነ፥ ወርዶ ብስክሌቱን በመካከል አድርጎ ቀስ ብሎ ማለፍ ይሻላል።

የማይቀነሰው የብስክሌቱ መሣሪያ ነው። በየመንደሩ ጎሚስታ አይገኝምና ሁለት ካላማዳሪ፥ ማስቲሽ፥ መንፊያና መፍቻ፥ እንዲሁም ትርፍ የፍሬን ሽቦና ጫማ ይያዝ። ጫማው በተለይ ወደ ዓባይ በረሓ ሲወረድ ቶሎ ያልቃል። ዕቃው በኋለኛው መንኮራኩር ግራና ቀኝ፥ ዝቅ ብሎ፥ እኩል ይታሰር፤ ከፍ ብሎ የታሰረ ሸክም በቁልቁለት ላይ ነጂውን ያንገዳግደዋል።

ከዕቃው ሁሉ አስቀድሞ ግን የሚያዘው ወሬ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ግጭት የገባበት አገር ስለ ሆነ፥ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሥፍራው ሰው ሳይጠይቁ መነሣት ድፍረት አይባልም። ሰላም ካልሆነ ጓዙ ተፈትቶ ይቀመጥ።

አንድ ነገር ቀርቶናል። በገጠር መሽቶበት «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ብሎ ያደረ ሰው ለባለቤቶቹ ገንዘብ ልስጥ ቢል ያስቀይማል። ስለዚህ ግማሽ ኪሎ ቡና ይጨመር፤ ሲመሽ ፈጥኖ እንዲገኝም ከጓዙ ሁሉ በላይ ይታሰር።