ታጥቦ ጭቃ ወይስ ታጥቦ ዋጋ? ያገለገለ መኪናን ከሽያጭ በፊት ማስወልወል በፊዚክስ ዓይን

አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ጥቂት ቆሞ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። በዚህ ሰፈር መኪና ማለት የክፍሎቹ ድምር ነው። መስተዋቱ ለብቻው፣ መብራቱ ለብቻው፣ ኮፈኑም ለብቻው ይሸጣል፤ እያንዳንዱም ዕቃ ተገላብጦ ታይቶና በጥፍር ተፍቆ ዋጋ ይቆረጥለታል። ሙሉ መኪና ሊሸጥ የተነሣ ሰው ግን በአብዛኛው የሚያስጨንቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ «ገዢ ከመምጣቱ በፊት ላስወልውለው ይሆን?» ነገሩ ላቫጆ ወስዶ ከማሳጠብ ያለፈ ነው። በማሽን ፖሊሽ ማስደረግ፣ ሰም ማስቀባት፣ ወንበሩንና ጣሪያውን በባለሙያ ማስጸዳት ደህና ገንዘብ ይጠይቃል። ይህ ገንዘብ በሽያጩ ላይ ተመልሶ ይመጣልን?

ጥያቄው ለደላላ እንጂ ለፊዚክስ መምህር የሚቀርብ አይመስልም። ይሁን እንጂ በውስጡ ሁለት ሳይንሳዊ ጉዳዮች አሉ። አንደኛው ብርሃን ከቀለም ገጽ ላይ ሲያርፍ የሚሆነውን ይመለከታል። ሁለተኛው ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ገበያ ዋጋ እንዴት እንደሚወሰን የሚመረምር ነው። በአገራችን ደግሞ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። በመሆኑም ቀድሞ የገባው መኪና ከእጅ ወደ እጅ መዘዋወሩን ቀጠለ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራች ቶዮታ ዲኤክስ የአንድ ቤተሰብ ትልቁ ተንቀሳቃሽ ንብረት ሆና መገኘቷ እንግዳ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለውን ንብረት በርካሽ መሸጥ የዓመታት ልፋትን ማጣት ነው።

የማብረቅ ምሥጢር

የዘመናዊ መኪና ቀለም አንድ ሽፋን ብቻ አይደለም። ከብረቱ በላይ መሠረት ቀለም፣ ከእርሱ በላይ መልኩን የሚሰጠው ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፍ ሽፋን አለ። ሁሉም ተደምሮ ውፍረቱ ከ100 እስከ 150 ማይክሮሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ የላይኛው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ድርሻ 40 ወይም 50 ማይክሮሜትር ነው። ከሰው ፀጉር ይቀጥናል ማለት ነው። የምንደነቅበት አብረቅራቂነት የሚወሰነው በዚህ ስስ ሽፋን የላይኛው ገጽ ነው።

ብርሃን በዚህ ሽፋን ላይ ቀጥ ብሎ ሲያርፍ ተመልሶ የሚነጸባረቀው 4 በመቶው ብቻ ነው። ይህም የሽፋኑ የብርሃን ስብረት አኃዝ 1.5 ገደማ ከመሆኑ በቀጥታ ይሰላል። አራት በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ይህ ትንሽ ብርሃን ሥርዓቱን ጠብቆ በአንድ አቅጣጫ ከተመለሰ ዓይናችን የሰማዩንና የሕንፃውን ምስል በመኪናው ላይ ያያል፤ «ያበራል» እንላለን። ገጹ ሻካራ ከሆነ ግን ያው ብርሃን በየአቅጣጫው ይበተናል። የተበተነው ነጭ ብርሃን ከሥር ከሚመጣው ቀለም ጋር ስለሚደባለቅ ቀዩ መኪና ወደ ሮዝ፣ ጥቁሩም ወደ ግራጫ ያደላል። ቀለሙ «ደበዘዘ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ቀለሙ ራሱ ገና ደህና ሊሆን ይችላል።

ለመሆኑ ምን ያህል ሻካራነት ነው የሚያደበዝዘው? በሎርድ ሬይሊ ስም የሚጠራው መስፈርት እንደሚለው፣ የገጹ ከፍታና ዝቅታ ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት አንድ ስምንተኛ በታች ከሆነ ብርሃኑ ገጹን እንደ ለስላሳ ይቆጥረዋል። የአረንጓዴ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 550 ናኖሜትር ስለሆነ፣ ድንበሩ ወደ 70 ናኖሜትር ይጠጋል። ኒውተን በ1704 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የብርሃን መጽሐፉ የተረዳው ይህንኑ ነበር። መወልወል ጭረትን ማጥፋት ሳይሆን፣ ትልቁን ጭረት ዓይን ሊለየው በማይችል ትንሽ ጭረት መተካት መሆኑን ጽፏል። በጋራዥ ውስጥ የሚዞረው የፖሊሽ ማሽንም ከዚህ የተለየ ነገር አይሠራም። ጥቂት ማይክሮሜትር ሽፋን ፍቆ ይወስዳል፤ ከእነዚያ ከ40 ወይም ከ50 ማይክሮሜትሮች ላይ። ስለዚህ አንድ መኪና በሕይወቱ ሊወለወል የሚችልበት ጊዜ የተቆጠረ ነው።

አሮጌ መኪኖች ላይ ይህ ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ጭራሹን ላይኖር ይችላል። መኪናውን በፖሊሽ በነከረ ጨርቅ ስናሸው የመኪናው ቀለም ወደ ጨርቁ ከተዛወረ፣ የምንፍቀው ቀለሙን ራሱን ነው።

ሽፋኑን የሚጎዳው ማን ነው? ከፍተኛው ተጠያቂ ፀሐይ ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ስለሚጨምር፣ በዚህች ከተማ የቆመ መኪና በባሕር ዳርቻ ከቆመው ቢያንስ ሩብ ያህል ተጨማሪ ጨረር ይቀበላል። የሞገድ ርዝመቱ 300 ናኖሜትር የሆነ አንድ የብርሃን ቅንጣት 4.1 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ሲኖረው፣ ሁለት የካርቦን አቶሞችን የሚያያይዘውን ማሰሪያ ለመበጠስ ግን 3.6 ገደማ ይበቃል። ሽፋኑ ቅንጣት በቅንጣት ይበጠሳል ማለት ነው። ኮፈኑና ጣሪያው ከበሮቹ ቀድመው የሚበላሹትም ሰማዩን ፊት ለፊት ስለሚያዩ ነው።

ሁለተኛው ተጠያቂ ደረቅ ጨርቅ ነው። በአቧራ ውስጥ ያለው የኳርትዝ አሸዋ ከሽፋኑ እጅግ ይጠነክራል። አቧራ የለበሰ መኪናን ያለ ውኃ የሚጠርግ ሰው በብርጭቆ ወረቀት እያሸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በፀሐይ ላይ በመኪናው ገጽ የሚታየው የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት የዚህ ውጤት ነው። እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ሙከራ ልጠቁም። ብዙ ጊዜ የታጠበ የብረት ትሪ ወስዳችሁ በአንዲት አምፖል ሥር ተመልከቱ። ጭረቶቹ በአምፖሉ ምስል ዙሪያ ክብ ሠርተው ይታያሉ። አምፖሉን ስታንቀሳቅሱ ክቡም አብሮ ይሄዳል! ጭረቶቹ በእውነቱ በየአቅጣጫው የተሰመሩ ናቸው፤ ወደ ዓይናችን ብርሃን መላክ የሚችሉት ግን በምስሉ ዙሪያ እንደ ቀለበት የተጋደሙት ብቻ ስለሆኑ ነው ክብ የሚመስሉት።

ሰምና ውኃ የሚደብቁት

ሰም ከፖሊሽ በመሠረቱ ይለያል። ፖሊሽ ይፍቃል፤ ሰም ይሞላል። የሰም የስብረት አኃዝ 1.44 ገደማ ስለሆነ ከሽፋኑ 1.5 ጋር በጣም ይቀራረባል። ጭረቱ በሰም ሲሞላ በሁለቱ መካከል የሚነጸባረቀው ብርሃን ከ4 በመቶ ወደ 0.04 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ጭረቱ አለ፤ ብርሃን ግን አያየውም። ውኃም በአኃዝ 1.33 ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ የጭረቱን ነጸብራቅ ወደ 0.36 በመቶ ያወርደዋል። በዝናብ ውስጥ ወይም ገና ከላቫጆ እንደወጣ መኪና መግዛት የማይመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ሰሙ ጥቂት ሳምንታት፣ ውኃው ጥቂት ደቂቃዎች ይቆያል።

በዚህ ረገድ ብዙ ሻጮች የማያስተውሉት ነገር አለ። አንድ መኪና ተጋጭቶ በባትላሜራ ባለሙያ ተቃንቶ፣ በስቱኮ ተሞልቶ ከተቀባ፣ ገጹ በዓይን የማይታይ ሞገድ ይይዛል። ገጹ በአንድ ዲግሪ ቢዘነብል ነጸብራቁ በሁለት ዲግሪ ይዘነብላል። በ5 ሜትር ርቀት ላይ ይህ ምስሉን በ17 ሴንቲሜትር ያዛውረዋል። ስለዚህ በመኪናው ጎን ላይ የሚታየው የመብራት ምሰሶ ምስል ተጣምሞ ይታያል። ቀለሙ ደብዝዞ ሳለ ግን ምስል ስለሌለ የሚጣመም ነገር የለም። አብረቅራቂ ገጽ መስክሮ የሚያጋልጥ ገጽ ነው። ስቱኮ የበዛበትን መኪና ገንዘብ ከፍሎ ማስወልወል ማለት ገዢው ጉድለቱን እንዲያይ መብራት መያዝ ማለት ነው። (በነገራችን ላይ ላቫጆ፣ ኮፈን፣ ስቱኮ፣ ባትላሜራ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው፤ መርካቶ የሚለው ስም ራሱም እንዲሁ።)

ሻጩ የሚያውቀው፣ ገዢው የማያውቀው

በ1970 እ.ኤ.አ. ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ሊቅ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ሦስት መጽሔቶች ሳይቀበሉት ቀርተው የነበረው ይህ ጽሑፍ በ2001 እ.ኤ.አ. ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር ለኖቤል ሽልማት አበቃው። ሐሳቡን ለስሌት እንዲያመች በፈጠራ ቁጥር እንየው። በገበያው ውስጥ ግማሾቹ መኪኖች ደህና ሆነው 500 ሺህ ብር ይገባቸዋል እንበል፤ ግማሾቹ ችግር ያለባቸው ሆነው 300 ሺህ ብር። ገዢው መለየት ካልቻለ ከአማካዩ ከ400 ሺህ በላይ አይከፍልም። በዚህ ዋጋ የደህናው መኪና ባለቤት አልሸጥም ብሎ ይወጣል። የቀሩት መጥፎዎቹ ስለሆኑ ዋጋው ወደ 300 ሺህ ይወርዳል። ጥሩ ዕቃ የያዘው ሰው በሌሎች ሰዎች ጉድለት ተቀጣ ማለት ነው።

ታዲያ መወልወል ከዚህ ወጥመድ ያወጣልን? የስፔንስ መልስ ይህን ይመስላል፦ አንድ ምልክት ደህናውን ከመጥፎው ሊለይ የሚችለው ለመጥፎው ይበልጥ የሚወደድ ከሆነ ብቻ ነው። ፖሊሽ ግን ሞተሩ ጤነኛ ለሆነውም ዘይት ለሚበላውም መኪና ዋጋው አንድ ነው። ስለዚህ ስለ ሞተር፣ ስለ ካምቢዮና ስለ ፍሪሲዮን አንዳች አይናገርም። ሶማሌ ተራ አካባቢ የሚውል ባለሙያም ይህን ያለ ስፔንስ ያውቃል። እንዲያውም ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ሞተር ሲያይ «ዘይቱ ከየት ነበር የሚያንጠባጥበው?» ብሎ መጠርጠር ይጀምራል። ሞተሩን ማሳጠብ በእኔ አመለካከት ከሁሉም የከፋው ወጪ ነው።

በአንጻሩ መኪናውን ገዢው ወደ መረጠው መካኒክ ወስዶ ኮፈኑን ከፍቶ እንዲያስመረምር መፍቀድ ለሐቀኛው ሻጭ ምንም አያስወጣውም፤ ለሚደብቀው ግን ሽያጩን ሊያሳጣው ይችላል። የስፔንስን መስፈርት የሚያሟላ ምልክት ይህ ነው። የጥገና ደረሰኞችን ከሊብሬው ጋር ጠብቆ ማቅረብም እንዲሁ።

ከዓመታት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ቢሮዬ መጥቶ ነበር። አባቱ በዲኤክሳቸው ለብዙ ዘመን ታክሲ ሠርተው፣ ጉልበታቸው ሲደክም መኪናዋን ሽጠው አነስተኛ ሱቅ ለመክፈት ወስነዋል። አንድ ደላላ «ሙሉ ቀለም ካልተቀባች ዋጋ አታወጣም» ብሏቸዋል። ቀለሙ ከባድ ወጪ ነው፤ ለሱቁ ከታሰበው ገንዘብ ላይ የሚቀነስ ነው። የሰጠሁት ምክር አጭር ነበር። ሙሉ ቀለም ገዢው ሊያነበው የሚችለውን የመኪናዋን ታሪክ ይሰርዛል፤ አዲስ ቀለም የለበሰ አሮጌ መኪና ያየ ሁሉ «ምን ሸፍነው ነው?» ይላልና ተዉት። ውስጧን በደንብ አጽዱ፤ ወንበር ላይ ያለ ቆሻሻ ሰውን ቸልተኛ ያሰኛል፣ ማጽዳቱም ርካሽ ነው። ፖሊሹን ፀሐይ ባጠቃቸው በኮፈኑና በጣሪያው ላይ ብቻ፣ በእጅ አስደርጉ፤ ፓራፋንጎው ላይ ያለችውን ትንሽ ጉድጓድ አትንኩ። ገዢው ለራሱ የሚነዳ ሰው ከሆነ ይህ ልዩነት ያመጣል። አትርፎ የሚሸጥ ነጋዴ ከሆነ ግን እርሱ ራሱ በርካሽ የሚያስወለውልበት ሰው ስላለው ለእናንተ ውልወላ አይከፍልም፤ እንደቆሸሸች አሳዩት።

መኪናዋ በተባለው መንገድ ተሸጠች፤ ሱቁም ተከፈተ። ይህ ግን ለምክሬ ማስረጃ አይሆንም። አንድን መኪና አንዴ አስወልውሎ፣ አንዴ ሳያስወለውሉ ሁለት ጊዜ መሸጥ አይቻልም። «አስወልውዬ ይህን ያህል ጨመረልኝ» የሚል ሰው ሁሉ ማነጻጸሪያ የሌለው ሙከራ ነው የሚነግረን። በአንድ ዓመት የተሠሩ፣ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ላይ ያሉ ብዙ መኪኖችን ዕጣ አውጥቶ ግማሾቹን ብቻ አስወልውሎ ዋጋቸውን የሚመዘግብ ተማሪ ቢገኝ ጥሩ የመመረቂያ ጥናት ይወጣው ነበር።

እስከዚያው ገዢ ለሆነው አንባቢ ሁለት ቀላል መሣሪያዎች ይበቃሉ። አንደኛው የጠዋት ፀሐይ ነው። ከጠዋቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ደረቅ መኪናን ከፊት መብራቱ በኩል ጎንበስ ብሎ በጎኑ ርዝመት መመልከት። በ80 ዲግሪ ጠርዝ ላይ የሚነጸባረቀው ብርሃን ከ4 ወደ 39 በመቶ ገደማ ስለሚያድግ፣ የደበዘዘ ቀለም እንኳ በዚህ አቅጣጫ ሲታይ እንደ መስተዋት ይሠራል፤ ስቱኮውም ይታያል። ሁለተኛው በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ነው። የማግኔት ስበት ርቀት በጨመረ ቁጥር በፍጥነት ስለሚቀንስ፣ 0.1 ሚሊሜትር ቀለም አያግደውም፤ 3 ሚሊሜትር ስቱኮ ግን ያላላዋል። በፕላስቲክ በተሠሩት የፊትና የኋላ መከላከያዎች ላይ ከቶ ስለማይይዝ፣ እዚያ ላይ ቢወድቅ ሻጩን መክሰስ አይገባም።