የዋይፋይን ኃይል መጨመር ለምን ጎረቤትን ይጎዳል?



በትምህርት ቤት ዋይፋይ ሲደክም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰማው ምክር «ኃይሉን ጨምሩት» የሚል ነው። ምክሩ ለጆሮ ትክክል ይመስላል። ፋኖስ ሲደበዝዝ ክሩን ከፍ እናደርጋለን፤ ሬዲዮ ሲያንሾካሹክ ድምፁን እንጨምራለን። ታዲያ የዋይፋይ ማሰራጫውን ኃይል ብንጨምር ምን ክፋት አለው? ከዚህ በታች እንደምታነቡት ክፋት አለው። ኃይሉ ከልክ በላይ የተጨመረ ማሰራጫ ለባለቤቱ የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው፤ በጎረቤቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ብዙ ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩ ለስደተኛ ተማሪ ሩቅ አይደለም። በኬንያ በዳዳብ መጠለያ እ.ኤ.አ. በ2013 የቮዳፎን ፋውንዴሽንና ዩኤንኤችሲአር ታብሌት፣ ኢንተርኔትና የፀሐይ ኃይል ያላቸው የመማሪያ ክፍሎች መክፈት ጀመሩ። ከዚያም ተመሳሳይ ክፍሎች በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተከፍተዋል። በእንዲህ ያለ ክፍል ብዙ ተማሪ በአንድ መስመር ይማራል። ዋይፋዩ ሲቋረጥ ትምህርቱም አብሮ ይቋረጣል። ስለዚህ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የባለሙያ ብቻ ሥራ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዋይፋይ ሬዲዮ ነው

ከጣሪያ ሥር ወይም ከግድግዳ ላይ የምትሰቀለው ትንሽ ሣጥን አክሰስ ፖይንት ትባላለች። እኛ በዚህ ጽሑፍ «ማሰራጫ» እንላታለን። ይሁን እንጂ ማሰራጨት ብቻ ሳይሆን መቀበልም ሥራዋ ነው። ስልካችሁና ታብሌታችሁም እንዲሁ ይልካሉ፣ ይቀበላሉ። የሚነጋገሩትም በሬዲዮ ሞገድ ነው።

ዋይፋይ በብዛት የሚጠቀምበት አንዱ የሞገድ ክልል ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋኸርትዝ ያለው ነው። የዚህ ሞገድ ርዝመት ወደ 12 ሴንቲሜትር ይሆናል። ክልሉ እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ በአትላንቲክ ሲቲ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ለኢንዱስትሪ፣ ለሳይንስና ለሕክምና መሣሪያዎች እንዲያገለግል ተለየ። በ1985 የአሜሪካ መንግሥት ይህን ክልል ያለ ግል ፈቃድ ለመገናኛ መጠቀም እንዲቻል ደነገገ። የመጀመሪያው የዋይፋይ ደንብ ደግሞ በ1997 ወጣ።

እንግዲህ ይህ ክልል እንደ ወል ግጦሽ ነው ማለት ይቻላል። የማንም የግል ይዞታ አይደለም። ዋይፋይ፣ ብሉቱዝ፣ የማይክሮዌቭ ምድጃ ሁሉም እዚያው ናቸው። የወል ግጦሽ ደግሞ ሁሉንም የሚያኖረው እያንዳንዱ ልኩን ሲያውቅ ነው።

ተራ የሚጠበቀው እንዴት ነው?

ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ሞገድ ላይ በአንድ ጊዜ ቢልኩ መልእክታቸው ይጋጭና ሊጠፋ ይችላል። ይህን ችግር ቀድመው በተግባር ካዩት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1971 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው አሎሃኔት ነው። ፕሮፌሰር ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቻቸው በተለያዩ ደሴቶች ያሉ ተጠቃሚዎችን ከአንድ ኮምፒውተር ጋር በጋራ የሬዲዮ መስመር አገናኙ። ሁለት መልእክቶች ሲጋጩ እያንዳንዱ ላኪ በዕጣ የደረሰውን ያህል ጊዜ ጠብቆ እንደገና ይልክ ነበር።

ዋይፋይ በዚህ ላይ አንድ ጨዋነት ጨምሯል፤ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

ሀ) መሣሪያው መልእክት ከመላኩ በፊት በመስመሩ ላይ ሌላ ሰው እየተናገረ እንደሆነ ያዳምጣል።

ለ) ሌላ ሰው ካለ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ሐ) መስመሩ ጸጥ ሲል በዕጣ የደረሰውን ጥቂት ጊዜ ጨምሮ ይጠብቅና ይልካል።

መ) ተቀባዩ «ደርሶኛል» የሚል አጭር መልስ ይሰጣል። መልሱ ካልመጣ ላኪው ያንኑ መልእክት ይደግማል።

ይህ በቦኖ ዙሪያ ጀሪካን ይዞ ተራ እንደመጠበቅ ነው። ሠልፉ የሚሠራው ሁሉም እርስ በርሱ ሲተያይ ነው። ዋይፋይም የሚሠራው መሣሪያዎቹ እርስ በርሳቸው ሲደማመጡ ነው። የአንዱን ኃይል ከሌሎቹ ለይተን ስንጨምር የሚፈርሰው ይኸው መደማመጥ ነው።

አንደኛው ችግር፦ ስልኩ ይሰማል እንጂ አይሰማለትም

አንድ ማሰራጫ በ100 ሚሊዋት ይሠራል እንበል። ገላጣ ሜዳ ላይ እስከ 50 ሜትር በደንብ ይሰማ ነበር። ኃይሉን ወደ 400 ሚሊዋት ብናሳድገው ምን ያህል ይርቃል? ብዙዎቻችሁ «200 ሜትር» ትሉ ይሆናል። ትክክለኛው መልስ ግን 100 ሜትር ነው። ሞገድ በሄደ ቁጥር በሁሉም አቅጣጫ ስለሚበተን ርቀቱን 2 እጥፍ ለማድረግ ኃይሉ 4 እጥፍ መሆን አለበት። ግድግዳና ቆርቆሮ ካለ ደግሞ ትርፉ ከዚህም ያንሳል።

አሁን አንዲት ተማሪ በ100 ሜትር ርቀት ላይ ስልኳን ከፈተች እንበል። የማሰራጫው ድምፅ ይደርሳታል፤ በስልኳም ላይ የዋይፋይ ምልክት ይታያል። የእርሷ ስልክ ኃይል ግን አልተጨመረም። የስልክ ዋይፋይ በትንሽ ባትሪ ስለሚሠራ ኃይሉ ብዙውን ጊዜ ከ100 ሚሊዋት በታች ነው። ስለዚህ የስልኳ ድምፅ ወደ ማሰራጫው አይመለስም። ገጽ ለመክፈት ጥያቄ ትልካለች፤ ጥያቄው አይደርስም። ማሰራጫው የላከው ቢደርሳት እንኳ «ደርሶኛል» የሚለው መልስ አይሰማም። ማሰራጫውም ያልደረሰ መስሎት ያንኑ እየደጋገመ ይልካል። ይህ ሁሉ ድግግሞሽ የሌሎቹን ተማሪዎች ጊዜ ይበላል።

«ምልክቱ ሙሉ ነው፤ ገጹ ግን አይከፈትም» የሚባለው ቅሬታ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ምልክቱ የሚነግረን ስልኩ ማሰራጫውን ምን ያህል እንደሚሰማ ብቻ ነው። ማሰራጫው ስልኩን ምን ያህል እንደሚሰማ አይነግረንም። በእርግጥ የስልኩ መልስ በደህና በሚደርስበት ርቀት ላይ ኃይል መጨመር ጥቂት ሊረዳ ይችላል። ከዚያ ርቀት በላይ ግን ትርፉ ምልክት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ችግር፦ የጎረቤት ተራ ይወሰዳል

አንድ ትምህርት ቤትና አንድ ጤና ጣቢያ በ150 ሜትር ርቀት ላይ አሉ እንበል። ሁለቱም በአንድ የዋይፋይ መስመር ይሠራሉ። ኃይላቸው መጠነኛ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይሰማም፤ ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ያለ ችግር ይሠራሉ። አሁን ትምህርት ቤቱ ኃይሉን ጨመረ። የጤና ጣቢያው መሣሪያዎች የትምህርት ቤቱን ድምፅ መስማት ይጀምራሉ። በደንቡ መሠረትም ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ሁለት የነበረው ሠልፍ አንድ ሆነ ማለት ነው። ተማሪዎቹ ቪዲዮ ሲያወርዱ ነርሷ ትጠብቃለች።

ከዚህ የባሰም አለ። ነርሷ የያዘችው ታብሌት ድምፁ ደካማ ስለሆነ በትምህርት ቤቱ ማሰራጫ ዘንድ አይሰማም። ማሰራጫው መስመሩ ነፃ መስሎት ይናገራል። በዚያው ቅጽበት ታብሌቱም ለጤና ጣቢያው ማሰራጫ እየላከ ቢሆን ደካማው መልእክት በኃይለኛው ይዋጣል። በሹክሹክታ ሕመሙን የሚናገር በሽተኛ አጠገብ አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ እንደሚጮህ ቁጠሩት። ጩኸተኛው ማንን እንዳወከ እንኳ አያውቅም።

ከዚያስ? ጤና ጣቢያውም በበኩሉ ኃይሉን ይጨምራል፤ ሦስተኛው ጎረቤትም ይከተላል። በመጨረሻ ሁሉም ጮኸው ይናገራሉ፤ አንዱ ከሌላው ያለው ብልጫ ግን እንደ ቀድሞው ነው። የተጨመረው ጫጫታው ብቻ ነው።

ሦስተኛው ችግር፦ ማጉያው ሲጨነቅ ሞገዱ ይበላሻል

የቴፕ ድምፅ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ዘፈኑ እንደሚንኮሻኮሽ ታውቃላችሁ። በማሰራጫው ውስጥም ሞገዱን የሚያጎላ ክፍል አለ። ከተሠራበት ልክ በላይ ሲገፋ ሞገዱን ያዛባል። የተዛባ ሞገድ ደግሞ ከራሱ መስመር ወጥቶ በአጠገቡ ወዳሉት ይፈስሳል።

በ2400 ሜጋኸርትዝ ክልል ውስጥ በብዙ አገሮች 13 መስመሮች አሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት 5 ሜጋኸርትዝ ሲሆን አንዱ መስመር የሚይዘው ስፋት ግን ወደ 20 ሜጋኸርትዝ ነው። ስለዚህ አጠገብ ለአጠገብ ያሉት ይደራረባሉ። ሳይነካኩ ጎን ለጎን እንዲሠሩ በተለምዶ የሚመረጡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ከልክ በላይ የተገፋ ማሰራጫ በመስመር 1 ላይ ቢሆንም ጫጫታው ወደ መስመር 6 ሊደርስ ይችላል። መሣሪያውም ይግላል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ሙቀቱ ተደምሮ ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ነገሩ እስከ አውሮፕላን ይደርሳል

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1985 በአሜሪካ በዳላስ ፎርት ዎርዝ ለማረፍ የተቃረበ አውሮፕላን ከማዕበል ደመና ሥር በድንገት ቁልቁል በሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ ተመትቶ ወደቀ። 137 ሰዎች ሞቱ። በኋላ እንዲህ ያለውን ነፋስ አስቀድመው የሚያዩ ልዩ ራዳሮች በብዙ የአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎች አጠገብ ተተከሉ። የሚሠሩትም ከ5600 እስከ 5650 ሜጋኸርትዝ ባለው ሞገድ ነው። ይህ ደግሞ 5 ጊጋኸርትዝ የሚባለው ሁለተኛው የዋይፋይ ክልል አካል ነው።

በ2009 በፖርቶ ሪኮ በሳን ሁዋን ያለው ራዳር በሌላ ሞገድ መታወክ ጀመረ። ሲመረመር ምንጩ ኢንተርኔት የሚሸጡ ድርጅቶች ከቤት ውጭ የተከሏቸው የገመድ አልባ መሣሪያዎች ሆነው ተገኙ። ዋይፋይ በዚያ ክልል ሲሠራ ራዳር መኖሩን አዳምጦ መስመር እንዲለቅ ይገደዳል። ይህ ማዳመጫ በትክክል ካልሠራ ወይም ከተዘጋ መሣሪያው ራዳሩን ያውከዋል። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽንም ደንብ በጣሱ ድርጅቶች ላይ ቅጣት ጣለ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኃይል ብቻ አልነበረም። ነገር ግን ትምህርቱ አንድ ነው፤ የመሣሪያን ልክ ያወጡ ሰዎች ያወጡት በምክንያት ነው።

የኃይል ልክም እንደየአገሩ ይለያያል። በአውሮፓ በ2400 ሜጋኸርትዝ ክልል የሚፈቀደው 100 ሚሊዋት ሲሆን በአሜሪካ ማሰራጫው እስከ 1000 ሚሊዋት ድረስ ሊሄድ ይችላል። አንዳንድ ሰዎች በመሣሪያው ላይ የአገሩን ስም ቀይረው ኃይሉን ያሳድጋሉ። ይህ በምንኖርበት አገር ሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

1. በመጀመሪያ ችግሩን ለዩ። ከማሰራጫው ሥር ቆማችሁም ገጹ የማይከፈት ከሆነ ጥፋቱ የዋይፋዩ ኃይል ላይሆን ይችላል። ከውጭ የሚመጣው የኢንተርኔት መስመር ጠብቦ ይሆናል። ጠባብ መስመርን የዋይፋይ ኃይል አያሰፋውም።

2. ቦታውን አስተካክሉ። ማሰራጫው በክፍሉ መካከል፣ ከፍ ብሎ፣ ከብረት ርቆ ይሰቀል። ሌባ እንዳይወስደው በብረት ሣጥን የተቆለፈበት ዋይፋይ ድምፁም አብሮ ተቆልፏል። አየር የሚያስገባ የእንጨት ሣጥን ይሻላል።

3. ከጎረቤት ጋር ተስማሙ። አንዱ መስመር 1፣ ሌላው 6፣ ሦስተኛው 11 ይያዝ።

4. ሰፊ ግቢ ከሆነ አንዱን ከማስጮህ ይልቅ ሁለተኛ ማሰራጫ በገመድ አገናኝታችሁ በሌላ መስመር፣ በአነስተኛ ኃይል አሠሩት።

5. ሰው በበዛበት አዳራሽ ኃይል መቀነስን አትፍሩ። ባለሙያዎች ብዙ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ብዙ ማሰራጫ ይተክሉና የእያንዳንዱን ኃይል ዝቅ ያደርጋሉ።

እነዚህን ለውጦች የሚያደርገው ኃላፊነት የተሰጠው መምህር ወይም ባለሙያ ነው። የእናንተ ድርሻ የት እንደሚሠራ፣ የት እንደማይሠራና በስንት ሰዓት እንደሚደክም መዝግቦ ለእርሱ መንገር ነው። ትክክለኛ መዝገብ ከማንኛውም ማጉያ ይበልጥ ይረዳዋል።

ራሳችሁን ፈትኑ

1. በገላጣ ሜዳ ርቀቱን 3 እጥፍ ለማድረግ ኃይሉ ስንት እጥፍ መሆን አለበት?

2. የስልክ ምልክት ሙሉ ሆኖ ገጽ የማይከፈትባቸውን ሁለት ምክንያቶች ጻፉ።

3. ሁለት ክፍሎች በመስመር 1 እና በመስመር 3 ቢሠሩ ይጠላለፋሉን? ለምን?

4. የግቢያችሁን ካርታ ንደፉና ዋይፋይ የሚደርስበትንና የማይደርስበትን ቦታ በእግራችሁ ዞራችሁ ምልክት አድርጉ። ከዚያም ማሰራጫው የት ቢሰቀል እንደሚሻል በክፍል ተወያዩ።