ሞተሩ ሳይጠፋ የሚጎድለው ጉልበት

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከርግብ መንጋ ጋር ተጋጨ። ሁለቱም ሞተሮች ጉልበት አጡ፤ አውሮፕላኑ ሜዳ ላይ በሆዱ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 35ቱ ሞቱ። የዚህ አደጋ ምክንያት በግልጽ ይታያል። ትንንሾቹ ባለፒስተን አውሮፕላኖች ግን በእኛ ደጋ ምንም ሳይበላሽባቸው ጉልበታቸው ይጎድላል።

ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ አየሩን ደግሞ ከፍታም ሙቀትም ያሳሳዋል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 24 ዲግሪ ሲደርስ ሞተሩም ክንፉም የሚሠሩት 3,200 ሜትር ላይ እንዳሉ ያህል ነው። ተርቦ የሌለው ባለ160 የፈረስ ጉልበት ሞተር ያን ጊዜ የሚሰጠው 110 ገደማ ብቻ ነው። አሰላ ከቦሌም ከፍ ትላለች። አቦምሳ ዝቅ ብትልም ሙቀቷ የበረታ ነው፤ ከዚያ ወደ ጭላሎ ተራራ ለሚበርር ደግሞ መሬቱ ራሱ ሽቅብ እየወጣ ይመጣበታል።

በዚህ ላይ የአብራሪው ልማድ ይጨመራል። ቆላ ላይ የተማረ ሰው ቀዩን የቅልቅል እጀታ እስከ መጨረሻው ገፍቶ ይነሣል። ደጋ ላይ እንዲህ ሲደረግ ነዳጁ ከአየሩ ይበዛል፤ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል። የአምራቹን መመሪያ ተከትሎ ከመነሣት በፊት ነዳጁን መቀነስ ያስፈልጋል።

ነዳጁንም ከታንኩ ሥር በጠራ ኩባያ ቀድቶ ማየት ግድ ነው። መቶ ኤልኤል የሚባለው አቭጋስ ሰማያዊ ነው፤ ውኃ ካለበት ቀለም አልባ ሆኖ ከሥር ይቀመጣል። ኩባያው ሙሉ በሙሉ ውኃ ከሆነ ግን የሚለይ መስመር ስለማይኖር ቀለሙንና ሽታውን ማረጋገጥ ይገባል።

ሞተሩ ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ ጸጥ ቢል ገዳዩ ፈተና ወደ ኋላ መመለስ ነው። 45 ዲግሪ ያጋደለ አውሮፕላን ክንፉን አየር የሚከዳበት ፍጥነት በ20 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በሳሳ አየር ደግሞ ጠቋሚው ያንኑ ፍጥነት እያሳየ እውነተኛው ፍጥነት ከፍ ስለሚል መዞሪያው ይሰፋል። አፍንጫን ወዲያው ዝቅ አድርጎ ከፊት ባለው የስንዴ ማሳ ላይ ማረፍ ይሻላል፤ አውሮፕላኑ ይሰበር ይሆናል፣ ሰው ግን የመትረፍ ዕድሉ ይሰፋል።

ስለዚህ በደጋ የምትበርሩ ሁሉ፣ ጭነት ቀንሱ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት ተነሡ፤ የምታርፉበትንም ማሳ ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት ምረጡ።