የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እና ወደ ገጠር የወጣው ትምህርት

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሰልጠኛ ማዕከል ይባል ነበር። ከመከፈቱ አንድ ዓመት ገደማ አስቀድሞ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ባለው የደምብያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ ወደ 7 ሺህ የሚጠጋ ሰው ፈጅቷል። በወቅቱ በአገሪቱ የነበሩት ጥቂት ሐኪሞች አብዛኞቹ የውጭ ዜጎች ነበሩ፤ የሚሠሩትም በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ነበር። መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የፖይንት ፎር የእርዳታ ፕሮግራም ጋር ሆኖ ኮሌጁን ያቋቋመው ለገጠሩ ሕዝብ የሚደርስ ባለሙያ ለማፍራት ነው። ወባው ይመለሳል የሚለው ሥጋትም እውነተኛ ነበር። ወባ በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. በወይናደጋ አካባቢዎች እንደገና ተዛምቶ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው እንደታመመና 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል።

ኮሌጁ መጀመሪያ ያሠለጠነው ጤና መኮንን፣ ኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን ነው። ጤና መኮንኑ ሕመምተኛ መርምሮ ያክማል፣ ጤና ጣቢያውንም ይመራል። ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ቤት ለቤት ትከታተላለች። ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ የወባ ትንኝ የምትራባበትን ውኃ ያስደፍናል። የላብራቶሪ ባለሙያም ኋላ ተጨመረ። የትምህርቱ ትልቁ ብልሃት እነዚህ ተማሪዎች በመጨረሻው ዓመት በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ መውጣታቸው ነው። እዚያ ቤት ይቆጥራሉ፣ በአካባቢው የበዛውን በሽታ ይለያሉ፣ ከነዋሪው ጋር መክረው መፍትሔውን ይጀምራሉ። ተማሪ በሆስፒታል ክፍል ውስጥ የሚያገኘው መንገዱን ችሎ የመጣውን ሕመምተኛ ብቻ ነው። ሳይመጡ የቀሩትን፣ የቀሩበትንም ምክንያት የሚያውቀው መንደር ሲወርድ ነው። ኢትዮጵያ ለጤና ትምህርት ካበረከተችው ሁሉ ይህን የሚያህል ጥቂት ነው።

በ1970ዎቹ መግቢያ ኮሌጁ ከላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሐኪሞችን ማስተማር ጀመረ፤ የጤና መኮንኖች ሥልጠና ግን ቆመ። አገሪቱ ሐኪም ያስፈልጋት ነበር። ይሁን እንጂ አንዱን ለመክፈት ሌላውን መዝጋት አያስፈልግም ነበር፤ ጉዳቱም ያረፈው በገጠር ጤና ጣቢያዎች ላይ ነው። ሥልጠናው በ1980ዎቹ መጨረሻ ተመለሰ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ መንግሥት 5 ሺህ ጤና መኮንኖችን በተፋጠነ ፕሮግራም ለማሠልጠን ሲነሳ የክልል ሆስፒታሎችን ጭምር ማስተማሪያ አደረገ። ተቋሙ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

የጎንደር ምርምርም ከአካባቢው ሕመም የተነሳ ነው። ወደ ሁመራና መተማ የሰሊጥ እርሻዎች የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች በአሸዋ ዝንብ ንክሻ በሚተላለፈው በካላዛር ይያዛሉ፤ በሽታው ካልታከመ ይገድላል። ነባሩ ሕክምና 30 ቀን ሙሉ መርፌ መወጋትን ይጠይቅ ነበር። ጎንደርና አርባ ምንጭ በተሳተፉበት የምሥራቅ አፍሪካ ሙከራ ሁለት መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት ሕክምናውን ወደ 17 ቀን እንደሚያሳጥረው ተረጋገጠ። ለቀን ሠራተኛ የ13 ቀን ልዩነት ቀላል አይደለም። ዩኒቨርሲቲው በዳባት ወረዳም የነዋሪዎችን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ለዓመታት እየመዘገበ ይከታተላል።

ሐሳቡ ጎንደር ላይ አልቀረም። በ1976 ዓ.ም. የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርትን መታወቂያው አደረገው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ1979 ዓ.ም. ገደማ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በቡታጅራ የገጠር ጤና ጥናት ጀመረ፤ ስለ እናቶችና ሕፃናት ሞት፣ ኋላም ስለ አእምሮ ሕመም ብዙ እውቀት የተገኘው ከዚያ ነው።

ከቡታጅራ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ ሆሳዕና ያደርሳል፤ ሐሳቡ እዚያም ያስፈልጋል። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢው እዚያ ሲሆን በዱራሜም ካምፓስ አለው። የማስተማሪያ ሆስፒታሉ ከሐድያ ወጥተው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ቤተ መንግሥት በገቡት በንግሥት እሌኒ ስም ተሰይሟል። በዚያው አካባቢ ካለችው ከሀደሮ ከተማ ወይም በዙሪያዋ ካለ ቀበሌ የተነሳ ሕመምተኛ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በሪፈር ወደ ሆስፒታል ያልፋል። ሆስፒታሉ በተሻለ ቁጥር የከበደ ሕመም ከሩቅ ይላክለታል። ገና በጤና ኬላ ደረጃ ሊቆም የሚችለው ሕመም ግን በዚያው ደረጃ የሚሠራ ባለሙያ ይፈልጋል። በደቡብ ደጋማ ወረዳዎች በቀይ አፈር ላይ ባዶ እግሩን ሲያርስ የኖረን ገበሬ የሚይዘው ዝሆኔ ለዚህ ማስረጃ ነው፤ በጫማና በየዕለት የእግር እጥበት ይከላከሉታል፣ ከተጀመረም በኋላ በዚሁ ይገታል። ለዚህ ሥራ የጎንደሩ ዓይነት የተማሪዎች ቡድን፣ ጤና መኮንኑም ነርሷም ሳኒታሪያኑም፣ በሀደሮና በዱራሜ ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ከቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ቤት ለቤት መዝለቅ አለበት።