«ዛት»ን መቼ እንጻፋት፣ መቼ እንተዋት?

በሆስፒታሎቻችን የሕመምተኛ ካርድ የሚሞላው በእንግሊዝኛ ነው። እኔም በነርስነት ዘመኔ የእንግሊዝኛን ሰዋስው ጣጣ ይበልጥ ያየሁት ከመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን ከዚያ ካርድ ላይ ነው። ከሁሉም የምታስቸግረው ደግሞ «ዛት» የምትባለዋ ትንሽ ቃል ናት።

በአማርኛ «ደኅና እንደሆነ ነገረኝ» ስንል «እንደ»ን ብናወጣት ዓረፍተ ነገሩ ይፈርሳል። በእንግሊዝኛ ግን «ሂ ሴድ ዛት ሂ ዎዝ ፋይን» ብንልም፣ «ዛት»ን ትተን «ሂ ሴድ ሂ ዎዝ ፋይን» ብንልም ያስኬዳል። የልጅ ልጆቼ ሁልጊዜ ይጽፏታል። ስሕተት አይደለም፤ በተለይ በጨዋታ ላይ ግን ንግግሩን ያደርቀዋል። «ተኝታለች መሰለኝ» ለማለት «አይ ቲንክ ሺ ኢዝ አስሊፕ» ይበቃል።

በካርድ ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቀኑ ነርስ «ዘ ዶክተር ሴድ የስተርዴይ ዘ ዉንድ ዎዝ ክሊን» ብላ ጽፋ ሄደች እንበል። የማታው ተረኛ ምን ይረዳ? ሐኪሙ የተናገረው ትናንት ነው? ወይስ ቁስሉ ንጹሕ የነበረው ትናንት ነው? የትናንቱን ብቻ ከሆነ የነገሩን፣ ዛሬ ፋሻውን ፈቶ ያየው ማን ነው? ቁስል በአንድ ቀን መግል ሊይዝ ይችላል። «ዛት» ከ«የስተርዴይ» በኋላ ብትገባ ትናንት የሚሆነው ንግግሩ ነው፤ በፊት ብትገባ ደግሞ የቁስሉ ንጽሕና ነው። የጊዜ ቃል መሐል ሲገባ እንግዲህ «ዛት»ን መቆጠብ አያዋጣም።

«ዘ ዶክተር ቢሊቭድ ዘ ፔሸንት ዎዝ ሮንግ» የሚለውንም ተመልከቱ። አንባቢው መጀመሪያ ሐኪሙ ሕመምተኛውን አመነው ብሎ ይነሣል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን ሐኪሙ ሕመምተኛው ተሳስቷል ብሎ እንዳሰበ ይገባውና ወደ ኋላ ይመለሳል። ከ«ቢሊቭድ» ቀጥሎ «ዛት» ብትኖር ይህ መደናበር አይመጣም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እንቅልፍ በተጫነው ዓይን ለሚያነብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም!

ፈጽሞ የማትወጣበትም ቦታ አለ። «የገዛሁት መድኃኒት» ለማለት «ዘ ሜዲስን ዛት አይ ቦት» ካልን «ዛት»ን መተው እንችላለን፤ ገዢዋ እኔ ነኝና። «ያዳነኝ መድኃኒት» ለማለት «ዘ ሜዲስን ዛት ኪዩርድ ሚ» ስንል ግን አድራጊው መድኃኒቱ ራሱ ነው። እዚህ ላይ «ዛት»ን ብናወጣት «መድኃኒቱ አዳነኝ» የሚል ሌላ ዓረፍተ ነገር ይሆንብናል።