የገንዲ ተውሳክና የምርምር ፀረ-አካል፦ ምን ያሳየናል? ምንስ አያሳየንም?

በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች፣ በተለይም በአባይ፣ በዴዴሳ፣ በጊቤና በባሮ ሸለቆዎች፣ የእርሻ በሬን ከጥማድ ከሚያስቀሩት በሽታዎች ዋነኛው ገንዲ ነው። ገበሬዎች ዘወትር የሚጠይቁት፣ «ደስታ በክትባት ጠፍቶ ሳለ ለገንዲ ክትባት የማይገኘው ስለምንድን ነው?» እያሉ ነው። በእርግጥም የደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታውጇል። የገንዲ ጉዳይ ግን የተለየ ነው። ይህ ጽሑፍ ምክንያቱን ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

1. ተውሳኩና ካባው

ገንዲን የሚያመጣው ትሪፓኖሶማ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ የደም ተውሳክ ነው። በአብዛኛው የሚተላለፈው ጼጼ በሚባለው የቆላ ዝንብ ነው፤ ትሪፓኖሶማ ቪቫክስ የተባለው ዓይነት ግን በሌሎች ተናካሽ ዝንቦችም ይተላለፋል። ተውሳኩ መላ ገላውን በፕሮቲን ካባ ይሸፍናል። በሚገባ በተጠናው በትሪፓኖሶማ ብሩሲ ላይ ካባው 10 ሚሊዮን ያህል የፕሮቲን ቅንጣቶች አሉት። የበሬው አካል ካባውን ለይቶ ፀረ-አካል ሲያዘጋጅ፣ ከተውሳኮቹ ጥቂቶቹ ሌላ ካባ ለብሰው ያመልጣሉ። ክትባት ያልተገኘበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

2. ማሰሪያው

ከብት በገመድ ከችካል እንደሚታሰር ሁሉ፣ እያንዳንዱ የካባ ፕሮቲን ከስኳርና ከቅባት በተሠራ ማሰሪያ ከሕዋሱ ሽፋን ጋር ይያያዛል። በትሪፓኖሶማ ብሩሲ ላይ የማሰሪያው ኬሚካዊ ቅርጽ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ማሰሪያውን ደረጃ በደረጃ የሚሠሩት ልዩ ልዩ ኢንዛይሞች ናቸው። ካባው ቢለዋወጥም የማሰሪያው መሠረታዊ ቅርጽ አይለወጥም፤ በደም ውስጥ የሚኖረው ተውሳክም ማሰሪያውን መሥራት ካቃተው ይሞታል። ተመራማሪዎች እነዚህን ኢንዛይሞች ለአዲስ መድኃኒት ዒላማ ማድረግ የፈለጉት በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም በሬውም ሰውም ተመሳሳይ ማሰሪያ ስላላቸው፣ መድኃኒቱ የተውሳኩን ኢንዛይም ብቻ የሚያግድ መሆን ይኖርበታል።

3. የምርምር ፀረ-አካል አሠራር

አንድ ኢንዛይም በተውሳኩ ውስጥ መኖሩን ለማወቅ፣ የኢንዛይሙ ቁራጭ ለጥንቸል በተደጋጋሚ በመርፌ ይሰጣል። የጥንቸሏም አካል ኢንዛይሙን ለይቶ የሚይዝ ፀረ-አካል ያዘጋጃል። የተውሳኩ ፕሮቲኖች በመጠናቸው ተለይተው በስስ ወረቀት መሰል ነገር ላይ ከሰፈሩ በኋላ፣ ፀረ-አካሉ ኢንዛይሙ ባለበት ቦታ ይጣበቃል፤ ይህም በቀለም ወይም በብርሃን ይታያል።

ፀረ-አካሉ ሌላ ፕሮቲንም በስህተት ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ በማዳበሪያ ሙከራ ላይ ማዳበሪያ ያልነካው ማነጻጸሪያ መደብ እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ እዚህም ኢንዛይሙ እንዲጠፋ የተደረገበት ተውሳክ አብሮ ይመረመራል። በዚህኛውም ላይ ያው ምልክት ከታየ ውጤቱ አይታመንም።

4. በሥራ ላይ ሊጤኑ የሚገባቸው ነጥቦች

ሀ/ «ለምርምር ብቻ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ፀረ-አካል መድኃኒትም፣ ክትባትም፣ የመስክ መመርመሪያም አይደለም። የማኅበሩ ገንዘብ ሊወጣበት አይገባም።

ለ/ በበሬው ደም ውስጥ የገንዲ ፀረ-አካል መገኘቱ በሬው ለተውሳኩ መጋለጡን እንጂ አሁን መታመሙን አያረጋግጥም። ፀረ-አካሉ በሬው ከዳነ በኋላም ለወራት ሊቆይ ይችላል።

ሐ/ የታመመውን ለመለየት፣ ደም በቀጭን ቱቦ ተወስዶ በማሽን ከተሽከረከረ በኋላ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የቀይ ደም መጠን ከ24 በመቶ በታች ከሆነ ደም ማነስን ያመለክታል።

መ/ የዲሚናዚን መደበኛ መጠን በአንድ ኪሎ ክብደት 3.5 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ 300 ኪሎ ለሚመዝን በሬ 1,050 ሚሊግራም ያስፈልጋል። ለአንድ በሬ የሚበቃውን መድኃኒት ለሁለት ማካፈል ቁጠባ መስሎ ቢታይም፣ መድኃኒት የሚቋቋም ተውሳክ እንዲበዛ ያደርጋል። እንዲህ ያለው ተውሳክ በጊቤ ሸለቆ መኖሩ በምርምር ተረጋግጧል።

ስለዚህ ገበሬው ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ክትባት ገና አልተገኘም፤ ምርምሩ ግን ከካባው አልፎ ወደ ማሰሪያው ዘልቋል። እስከዚያው በሬን ከጥማድ እንዳይወጣ የሚያደርጉት የዝንብ ወጥመድ፣ ትክክለኛ ምርመራና ያልተጓደለ የመድኃኒት መጠን ናቸው።