«ወተትሽ ቀጠነ» ለተባለች እናት

የመጀመሪያ ልጄን በወለድኩ በሦስተኛው ሌሊት ጡቴ ተወጥሮ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፣ ጫፉ ተሰነጠቀ፣ ልጅቷም ስታለቅስ አነጋች። ጠዋት አራስ ሊጠይቁ የመጡት ሴቶች ከበቡኝ። አንዷ «ዓይን ነው» አሉ፤ ሌላዋ «ብርድ ገብቶሽ ነው»፤ ሦስተኛዋ «ወተትሽ ቀጥኗል» ብለው የዱቄት ወተት እንዲገዛ ልጅ ላኩ። ሁሉም ያዘኑልኝ ከልባቸው ነበር። ልጅቷ ጡቱን እንዴት እንደጎረሰች ጎንበስ ብሎ ያየ ግን አልነበረም። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ስሄድ አንዲት አዋላጅ ነርስ አጠገቤ ተቀመጠች፣ የልጅቷን ሆድ ወደ ሆዴ አዞረች፣ አፏን በሰፊው እስክትከፍት ጠብቃ አስጎረሰቻት። ሕመሙ በዚያው ቀን ቀለለልኝ።

በአራስ ቤት ወሬ ተከሳሹ ሁልጊዜ ወተቱ ነው። ቀጠነ፣ አነሰ፣ ፀሐይ መታው፣ ተበላሸ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ያለው በአጎራረሱና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠባ ላይ ነው።

«እንገሩን አፍስሺው፣ ሆዱን ያመዋል»

እንገር ወፍራምና ቢጫ ስለሆነ ቆሻሻ ወይም ያደረ ወተት የሚመስላቸው አሉ። በአንዳንድ አካባቢ ታልቦ ይደፋና ለሕፃኑ «አንጀቱን ያለሰልስለት» ተብሎ ለጋ ቅቤ፣ የስኳር ውሃ ወይም የአብሽ ውሃ ይሰጠዋል።

ከብት ያረባ ሰው ግን የእንገርን ዋጋ ያውቃል። እንገር ሳይጠባ የቀረ ጥጃ እንደማይበረታ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ለጥጃ የምንሳሳለትን ለልጃችን መድፋታችን ያሳዝነኛል። የሰው እንገር በሽታ ተከላካይ ንጥረ ነገሮችና ቫይታሚን ኤ የሞላበት ነው። የአራሱን ልጅ አንጀት ከውስጥ ይሸፍናል፣ እንደ ሬንጅ የሚጣበቀውን የመጀመሪያውን ጥቁር ዓይነ ምድርም እንዲያወጣ ይረዳዋል። ለቅቤ የተሰጠውን ሥራ የሚሠራው እንገሩ ራሱ ነው ማለት ነው። ቅቤውና የስኳር ውሃው ግን ገና ላልጠነከረ አንጀት ጀርም ያስገባሉ፣ ልጁንም ጡት ሳይጠባ ያጠግቡታል።

«ትንሽ ናት፣ ምን ታጠግበዋለች?» ይባላል። የመጀመሪያው ቀን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው፤ እንገሩም የሚመጣው በዚያው ልክ ነው። ነጩ ወተት ሞልቶ የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ልጁ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ የሚመክረውም ይህ ሁሉ እንዳያልፈው ነው።

«ያለቅሳል፣ ወተትሽ አልበቃውም»

ከሁሉም ይልቅ እናትን የሚሰብራት ይህ አባባል ይመስለኛል። ሕፃን ሲርበው ያለቅሳል፤ ሲበርደው፣ ሲሞቀው፣ ሲደክመው፣ እቅፍ ሲያሰኘውም ያለቅሳል። ደግሞም ለቅሶ የረሃብ የመጨረሻ ምልክት ነው። አስቀድሞ አፉን ይከፍታል፣ ራሱን ወዲያ ወዲህ እያዞረ ጡት ይፈልጋል፣ እጁን ይጠባል። በዚያን ጊዜ የቀረበለት ልጅ ተረጋግቶ ይጎርሳል። አልቅሶ የመረረው ግን መጀመሪያ መባበል አለበት።

ወደ ማታ ግድም ደግሞ ብዙ ሕፃናት በየግማሽ ሰዓቱ ጡት ይላሉ። አያቶች ይህን ሲያዩ «ባዶ ነው የሚጠባው» ይላሉ። ጡት ግን እንደ ማሰሮ ሞልቶ የሚቀመጥና የሚያልቅ ዕቃ አይደለም፤ ልጁ እየጠባም ያመነጫል። በተጠባ ቁጥር ለሚቀጥለው ብዙ ይሠራል። በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ማጥባት ለአራስ ልጅ የተለመደ ነው፤ የሌሊቱም መቅረት የለበትም፣ ወተት የሚያመነጨው ሆርሞን ሌሊት ከፍ ይላልና። ጡጦ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ልጁ በዱቄት ወተት ይጠግብና ይተኛል፣ ጡቱ ሳይጠባ ይቆያል፣ በሚቀጥለው ቀን ወተቱ እውነትም ያንሳል። በመጀመሪያ ሐሰት የነበረው «አልበቃውም» በሳምንቱ እውነት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ታዲያ መጥገቡ በምን ይታወቃል? በሽንቱ። ከ5ኛው ቀን በኋላ በቀንና በሌሊት 6 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚያረጥብ ልጅ በቂ ወተት እያገኘ ነው። ቀጥሎ በሚዛን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ትንሽ መቀነሱ ያለ ነገር ነው፤ ከተወለደበት ከ10 በመቶ በላይ ከቀነሰ ወይም በ2 ሳምንት ወደ ነበረበት ካልተመለሰ ግን ባለሙያ ሊያየው ይገባል። በእውነት ወተት የሚያንሳቸው እናቶች አሉ፤ እነሱ እርዳታ እንጂ ወቀሳ አያስፈልጋቸውም። ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ጡት መለስለሱ ደግሞ ወተት መድረቁን አያሳይም። ጡቱ ከልጁ ፍላጎት ጋር መስማማቱ ነው።

አጥሚቱና ገንፎውስ? ይጠጣ፣ ይበላ። የምታጠባ እናት ከወትሮው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ያስፈልጋታል፤ የአራስ ቤት ምግብ የአባቶቻችን ሳይሆን የእናቶቻችን ጥበብ ነው፣ አከብረዋለሁ። ነገር ግን አጥሚቱ እናቲቱን ያበረታል እንጂ የልጁን አፍ አይተካም። ጾም የያዘች እናትም ብትሆን በድካሟ ላይ ድካም ሳትጨምር ከነፍስ አባቷ ጋር ብትማከር መልካም ነው።

«መጀመሪያ ላይ ማመሙ አይቀርም፣ ቻይው»

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ ሲጎርስ ለጥቂት ሰከንድ ቆንጠጥ ማድረጉ የተለመደ ነው። እስከ መጨረሻው የሚያቃጥል፣ ጫፉን የሚሰነጥቅና የሚያደማ ሕመም ግን የሚቻል ነገር አይደለም፤ ልጁ ጫፉን ብቻ ይዞ እያኘከ መሆኑን ይናገራል። ልጁ መያዝ ያለበት ጫፉን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ካለው ጥቁር ክብም ብዙውን ነው። አገጩ ጡቱን ይንካ፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገልበጥ፣ ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ይሁን። ካመመሽ ጎትተሽ አታላቅቂው። ትንሿን ጣትሽን በከንፈሩ ጥግ አስገብተሽ አስለቅቂውና እንደገና አስጎርሺው። የተሰነጠቀውን ጫፍ በሳሙና ከማጠብ የራስሽን ወተት ጠብታ ቀብቶ ማድረቅ ይሻላል።

ጡት ተወጥሮ ልጁ መጉረስ ሲያቅተው ጥቁሩ ክብ እስኪለሰልስ ድረስ ጥቂት በእጅ አልቦ መስጠት ነው። በአንድ በኩል ቀልቶ ሲግል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲጨመርበት የጡት ብግነት ጀምሯል። «ቡዳ ነው፣ በዚያኛው እንዳታጠቢ» የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ማጥባት ማቆም እብጠቱን ያባብሰዋል፤ ወተቱ ልጁን አይጎዳውም። በኃይል ማሸትም ይጎዳል። ቀዝቃዛ ጨርቅ ማድረግና በልጁ ፍላጎት ልክ ማጥባት ይረዳል። በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተሻላት ጤና ጣቢያ ትሂድ፣ እያጠቡ የሚወሰድ መድኃኒት አለና። የተዘነጋ ብግነት መግል ሊቋጥር ይችላል።

ሌሎቹ

ፀሐይ ላይ ስትሠራ የዋለች እናት ወተቷ አይግልም፣ አይበላሽም። ገበያ ውላ የመጣችም ጡቷ ውስጥ የቆየውን ወተት መድፋት የለባትም፤ ወተት ጡት ውስጥ አይጎመዝዝም። ትንሽ ጡት ትንሽ ወተት ማለት አይደለም፣ የጡትን መጠን የሚወስነው ባብዛኛው ስብ ነው። ጉንፋን የያዛት እናት ስታጠባ ልጁ በሽታውን የሚከላከልበትን ኃይል አብሮ ያገኛል።

«ውሃ ጠማው» የሚለው ግን ልብ ይባልልኝ። ከጡት ወተት 100 እጅ 87 ያህሉ ውሃ ነው። በቆላ ሙቀትም ቢሆን እስከ 6 ወር ጠብታ ውሃ አያስፈልገውም፤ ሲሞቀው ቶሎ ቶሎ ማጥባት ይበቃል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ነበሩ።

ለሥራ የምትመለሰው እናት ችግር ግን ተረት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከወሊድ በኋላ የሚሰጣት 90 ቀን ነው፤ ጡት ብቻ ይጥባ የሚባለው 6 ወር ነው። የቀሩትን 3 ወራት ታልቦ የተቀመጠ ወተት ሊሞላቸው ይችላል። ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ፣ ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ 4 ቀን ይቆያል። ሞግዚቷ ከጡጦ ይልቅ በንጹሕ ሲኒ ብትሰጠው ለማጽዳትም ይቀላል።

«እንጥሉ ወርዶ ነው»

አልጠባም ያለ ሕፃን እንጥሉን እንዲቆረጥ፣ ተቅማጥና ትኩሳት የያዘው ደግሞ ግግ እንዲነቀልለት ወደ አዋቂ ይወሰዳል። ስለዚህ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። እንጥል ጡት ከመጥባት የሚያግድ ነገር አይደለም። ግግ የሚባለውም ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ ነው። ባልተቀቀለ ስለት የተቆረጠ ልጅ ደሙ ሊፈስ፣ ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ መንጋጋ ቆልፍ ሊይዘው ይችላል።

ትናንት በደንብ ይጠባ የነበረ አራስ ልጅ ዛሬ ጡት እምቢ ካለ፣ ከዛለ፣ ከጋለ ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ከገባ፣ ከባድ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። እስኪነጋ አይጠበቅም። ደረትሽ ላይ ገላ ለገላ አድርገሽ፣ በነጠላ ሸፍነሽ፣ በዚያው ሌሊት ወደ ጤና ተቋም ይዘሽው ሂጂ።